ማገገሚያ ያጣ ድካም፦ ሥር የሰደደ ውጥረትና የኃላፊነት መደራረብ በሴቶች ጤና ላይ

የሴቶች ውጥረት ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በሸክሙ መጠን ነው፤ ስንት ሰዓት ትሠራለች፣ ስንት ልጅ ታሳድጋለች፣ ስንት ሕመምተኛ ታስታምማለች እየተባለ። የሸክሙ መጠን አይናቅም። ይህ መጣጥፍ የሚከራከረው ግን በየጥናቱ ጎልቶ የሚታየው ጉዳት የሚመጣው ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው በሚደረገው መሻገሪያ ላይ ሰውነት የሚያገግምበት ጊዜ ሲያጣ ነው በማለት ነው። ይህ ከሆነ «ራስሽን ጠብቂ» የሚለው ምክር ብቻውን ሩቅ አይወስድም፤ በሴቲቱ ጊዜ ላይ የሚያዝዘው ማን እንደሆነ መጠየቅ ግድ ይላል።

የሰውነት ምላሽና መዘዙ

ከባድ ነገር ሲገጥም አንጎል በሁለት መንገድ ትእዛዝ ይሰጣል። ፈጣኑ በነርቭ በኩል አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን እንዲመነጩ አድርጎ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ዘገም የሚለው ከሃይፖታላመስ ተነሥቶ በፒቱታሪ ዕጢ በኩል ከኩላሊት በላይ ወዳሉት አድሬናል ዕጢዎች ይደርስና ኮርቲዞል ያስመነጫል። ሁለቱም ለአጭር ጊዜ ከሆነ ሕይወት ያድናሉ።

ጣጣው የሚጀምረው ምላሹ በጊዜው አልበርድ ሲል ነው። ብሩስ ማክዩዌንና ኤሊየት ስቴላር እ.ኤ.አ. በ1993 «አሎስታቲክ ሎድ» ብለው የሰየሙት በዚህ መንገድ የሚጠራቀመውን ጉዳት ነው፦ ከፍ ብሎ የሚቀር የደም ግፊት፣ ለኢንሱሊን አልታዘዝ የሚል ሰውነት፣ በሆድ ዙሪያ የሚከማች ስብ፣ የተቆራረጠ እንቅልፍ። በሴቶች ላይ ሌላም ይታከልበታል። የውጥረት ሆርሞኖች አንጎል ወደ እንቁላል ማምረቻ የሚልከውን ምልክት ስለሚያፍኑ፣ ውጥረቱ ሲበረታ፣ ይልቁንም ከምግብ እጥረት ጋር ሲገናኝ፣ የወር አበባ ይዛባል ወይም ጨርሶ ይቀራል።

ከሥራ በኋላ ያለው ሰዓት

የማገገም ነገር ፍንትው ብሎ የወጣው በስዊድን ነው። ማሪያን ፍራንከንሆይዘርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት በቮልቮ ኩባንያ የሚሠሩ ወንዶችንና ሴቶችን በሥራ ሰዓትና ከሥራ በኋላ መርምረው ነበር። ቢሮ ውስጥ እያሉ በኃላፊነት ቦታ ላይ የነበሩት ወንዶችና ሴቶች የሰውነት ምላሽ ብዙም አይራራቅም ነበር። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ግን መንገዳቸው ተለያየ፤ የወንዶቹ ኖርአድሬናሊን ከቢሮ ሲወጡ ሲወርድ የሴቶቹ ከፍ እንዳለ አመሸ። የደመወዙ ሥራ ሲያበቃ የቤቱ ሥራ ይጠብቃቸው ነበር።

ማስታመምን የተመለከቱ ጥናቶችም ወደዚያው ያመለክታሉ። በአሜሪካ ነርሶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት 54,412 ሴቶችን ተከታትሎ፣ የታመመ ወይም የአካል ጉዳት ያለበት ባላቸውን በሳምንት 9 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚያስታምሙት በልብ የደም ሥር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከማያስታምሙት 1.8 እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። የኦሃዮዋ ጃኒስ ኪኮልት ግሌዘር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 የመርሳት በሽታ ያለበት ዘመድ የሚያስታምሙ 13 ሴቶችን በዕድሜና በገቢ ከሚመስሏቸው 13 ሴቶች ጋር አነጻጸረች። በክንዳቸው ላይ ሆን ተብሎ የተደረገው ትንሽ ቁስል በአስታማሚዎቹ ላይ ለመዳን በአማካይ 9 ቀን ያህል ዘገየ። የጥናቱ ተሳታፊዎች ጥቂት ናቸው፤ ቢሆንም ውጥረት በሽታ የመከላከል አቅምን እስከ ቆዳ ድረስ እንደሚነካ በዓይን አሳይቷል።

ዮሐንስ ዚግሪስት ግን እ.ኤ.አ. በ1996 ስለ ሥራ ውጥረት ባቀረበው ሞዴል ውስጥ ከሥራ ራስን ማላቀቅ አለመቻልን እንደ ግለሰብ ጠባይ ቆጥሮታል። መለኪያው ሰው ቤቱ ሲገባ ሥራውን መርሳት ይችል እንደሆነ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ቤት ማረፊያ ለሆነለት ሰው የተበጀ ነው። ከደጅ ስትገባ ምጣድ የምትጥድ ሴት ራሷን ያላላቀቀችው በጠባይዋ ሳይሆን የሚተካት ስለሌለ ነው።

የኢትዮጵያ ጉዳይ

በገጠር ጎህ ሳይቀድ ውኃ የምትቀዳው፣ እንጨት የምትለቅመው፣ እንጀራ የምትጋግረው፣ ልጅ አዝላ ለቅሶ የምትደርሰው ሴት ያለባት ሥራ የታወቀ ነው። እምብዛም የማይነሣው በጤና ስም የሚታከልባት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ብዙ ሕይወት አትርፏል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሴቶች ልማት ሠራዊት ተዋቅሮ በ1 ለ 5 አደረጃጀት የተመረጡ ሴቶች ጎረቤቶቻቸውን ለእርግዝና ክትትል፣ ለክትባት፣ ለመጸዳጃ ቤት ግንባታ እንዲቀሰቅሱ፣ ስብሰባ እንዲገቡና ሪፖርት እንዲያደርሱ ተደረገ፤ ሁሉንም ያለ ክፍያ። ኬነት ሜይስና ባልደረቦቹ በአማራ ክልል ገጠር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጽሑፍ እነዚህ በጎ ፈቃደኞች ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ በችግርና በሥነ ልቦና ጭንቀት ውስጥ እንዳሉ አሳይተዋል። ጥናቱ የአንድ ወቅት ቅኝት ስለሆነ ጭንቀቱን ያመጣው ሥራው ነው አያሰኝም። የጤና አገልግሎቱ ሸክም ያረፈው ቀድሞውንም በደከመች ሴት ትከሻ ላይ መሆኑን ግን ያረጋግጣል።

ከተማ ላይም ሸክሙ ባለቤት ይቀይራል እንጂ አይቀልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠውን ፈቃድ ከ60 ወደ 90 ቀን ሲያሳድግ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ብቻ ነው። ባለደመወዟ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ጓዳውን የምትረከበው የቤት ሠራተኛ ደግሞ ከአዋጁ ጥበቃ ውጪ ናት።

ለሐኪም አንድ ማሳሰቢያ

ራስ ምታት፣ ጨጓራ፣ የልብ ምት መፍጠንና ድካም ይዛ የመጣችን ሴት «ጭንቀት ነው» ብሎ መሸኘት ቀላል ነው፤ አደገኛም ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል፤ የእንቅርት ዕጢ መታወክም እንዲሁ ያደክማል። የደም ምርመራው መቅደም አለበት። ውጤቱ ደህና ከሆነ ደግሞ «ምንም የለብሽም» ማለት ስሕተት ነው፤ የደም ግፊቷን መከታተል፣ እንቅልፏንና ስሜቷን መጠየቅ፣ በቤት ማን እንደሚያግዛት ማወቅ የሕክምናው አካል ነው።

ማጠቃለያ

የማገገሚያ ጊዜ የሚገኘው ሥራ ሲቀንስ ወይም ሌላ ሰው ሲካፈለው ነው። ቅርብ የውኃ ቦኖ፣ የሕፃናት ማቆያ፣ ረዘም ያለ የአባትነት ፈቃድ፣ ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚሰጥ ክፍያ እንደ ደም ግፊት መድኃኒት ሁሉ የጤና ጉዳዮች ናቸው። የሴቶችን ተሳትፎ የሚጠይቅ ማንኛውም ፕሮግራም ሲነደፍ ስንት ሰዓት እንደሚወስድባቸውና ያ ሰዓት ከየትኛው ሥራ ላይ እንደሚነሣ በግልጽ ሊጽፍ ይገባል። ይህን መጻፍ ያቃተው ፕሮግራም ሰዓቱን የሚወስደው ከእንቅልፋቸው ላይ ነው።