ከአንሶላ ካባ፣ ከስፖንጅ ዘውድ፡ የሴት ሱፐር ሂሮ ልብስ በቤት ውስጥና በጥቂት ወጪ

አሜሪካ ውስጥ ቢሮ የሚሠሩ ብዙ ሴቶች ኦክቶበር ሲጋመስ አንድ ኢሜይል ይደርሳቸዋል። «የዘንድሮው ሃሎዊን ሱፐር ሂሮ ነው፤ ለብሳችሁ ኑ» የሚል። መልእክቱ ቀላል ይመስላል፤ ጣጣው የሚጀምረው ሱቅ ሲገባ ነው። ለወንዶች የተሰቀለው የሱፐርማን ልብስ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ይሸፍናል። ለሴቶች የተዘጋጀው ግን ብዙውን ጊዜ ጭን ላይ የሚያበቃ፣ ደረቱ የተከፈተ፣ ጨርቁ የሳሳና ስፌቱ በአንድ ምሽት የሚተረተር ነው። ዋጋው ደግሞ ከ50 ዶላር ቢያልፍ አይገርምም። በማግስቱ ከአለቃዋ ጋር ለስብሰባ የምትቀመጥ ባለሙያ፣ ወይም ልጆቿን ይዛ ጎረቤት ለጎረቤት የምትዞር እናት ይህን ለብሳ ለመውጣት ብትሸማቀቅ ማን ይፈርድባታል?

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ልብስ ሰፊ አይደለሁም፤ ሙያዬ ሒሳብ ነው። ሆኖም ለራሴ፣ ለጓደኞቼና ለሥራ ባልደረቦቼ እንዲህ ያሉ ልብሶችን ስሠራ ዓመታት አስቆጥሬያለሁ። ከ25 ዶላር በላይ የወጣበትም የለም። ሃሎዊን ከእምነታችን ጋር አይሄድም የሚሉ ወገኖች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አከብራቸዋለሁም። ይሁንና የሱፐር ሂሮ ልብስ ለልጆች የልደት በዓል፣ ለበጎ አድራጎት ሩጫ፣ ለፊልም ምረቃና ለኮሚክ ኮን ጉባኤዎችም ይለበሳል። ዘዴው አንድ ነው።

ማንን እንምሰል?

ዋናው ቁጠባ የሚገኘው መቀስ ከመነሳቱ በፊት ነው። አንድን ጀግና ሰው በሩቅ የሚለያት በሦስት ምልክት ነው። ሦስቱን በትክክል ከሠሩ ቀሪው ተራ ልብስ ቢሆንም ማንም ልብ አይለውም።

ዎንደር ውማን፦ ዘውድ፣ የእጅ አምባርና ወርቃማ ገመድ። ይህች ጀግና ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። ፈጣሪዋ ዊልያም ሞልተን ማርስተን የሥነ ልቦና ባለሙያ ሲሆን፣ ሰው ሲዋሽ የደም ግፊቱ መለዋወጡን በመለካት ለውሸት መመርመሪያ መሣሪያ መሠረት ከጣሉት አንዱ ነበር። በገመዷ የታሰረ ሁሉ እውነቱን መናገሩ ያለ ነገር አይደለም። ለእኛ የሚጠቅመው ሌላው ቁም ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ስትሳል ነጫጭ ኮከቦች ያሉበት ሰማያዊ ጉርድ ቀሚስ ለብሳ ነበር። ስለዚህ በቁምጣ ፋንታ ጉርድ የምትለብስ ሴት ከታሪኩ አልወጣችም።

ሱፐርገርል፦ ቀይ ካባ፣ ደረት ላይ «ኤስ» የሚል ምልክት፣ ቀይ ቦት ጫማ። በኮሚክስ የወጣችው በ1959 ነው። ከ2015 እስከ 2021 በታየው ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም ደግሞ ከአምስተኛው ምዕራፍ (2019) ጀምሮ ጉርዱን ትታ ሱሪ ለብሳለች። ሰማያዊ ሱሪና ረጅም እጅጌ ያለው ሹራብ ከበቂ በላይ ነው ማለት ነው። ለጀማሪ የምመክረው ይህችን ነው።

ስቶርም፦ ነጭ ፀጉር፣ ጥቁር ልብስ፣ ካባ። እ.ኤ.አ. በ1975 የተፈጠረች ሲሆን በታሪኩ መሠረት እናቷ ኬንያዊት ናት፤ ያደገችው ካይሮ ነው። ጥቁር ልብስ በሁላችንም ቁም ሣጥን ስላለ ወጪው የነጭ ሰው ሠራሽ ፀጉርና የካባ ብቻ ነው።

የዋካንዳ ሴቶች፦ በ2018 በወጣው «ብላክ ፓንተር» ፊልም ላይ ያሉት ተዋጊ ሴቶች ቀይ ልብስና ወርቅማ የአንገት ቀለበት አላቸው። ልብሱን የነደፈችው ሩት ካርተር በዚሁ ሥራ በ2019 ኦስካር ስትሸለም፣ በአልባሳት ዘርፍ ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆናለች። ከአህጉሪቱ ልዩ ልዩ ሕዝቦች አለባበስ ወስዳለች፤ በፊልሙ አንድ ሽማግሌ ከንፈር ላይ የሚታየውን ገል እኛ ከሙርሲና ከሱርማ እናውቀዋለን።

የራሳችን ጀግናስ የለችም ወይ ለሚል፣ «ጀምበር» የተሰኘውን ኮሚክስ በ2018 ያወጣው ኢታን ኮሚክስ «ሃዊ» የተባለች ኢትዮጵያዊት ጀግናም አስተዋውቋል።

መነሻ ልብስ

መነሻው የሚገዛ ሳይሆን የሚፈለግ ነው። ረጅም እጅጌ ያለው ሹራብና ወፍራም ታይት በአንድ ቀለም ይምረጡ። ኦክቶበር መጨረሻ በዋሽንግተን አካባቢ ምሽቱ ስለሚቀዘቅዝ ሸፈን ያለ ልብስ ለጨዋነቱም ለብርዱም ይበጃል። ቤት ውስጥ ከጠፋ ጉድዊልን የመሰሉ የልባሽ ልብስ መደብሮች አሉ። ሱቅ ስትፈልጉ ልብ በሉ፤ ቀድሞ ሁላችንም የምንሮጥበት ጆአን የጨርቅ መደብር በ2025 ሱቆቹን በሙሉ ዘግቷል። ፓርቲ ሲቲም በራሱ ያስተዳድራቸው የነበሩትን መደብሮች በዚያው ዓመት መጀመሪያ ዘግቷል። የድሮ ዝርዝር ይዞ መዞር ቤንዚን መጨረስ ነው።

ካባ፡ ሒሳቡን ከያዙ የቀረው መቁረጥ ነው

ብዙ ሰው ካባ ሲሠራ አራት ማዕዘን ጨርቅ አንገቱ ላይ ያስራል። ያኔ ካባ ሳይሆን የታጠፈ ፎጣ ይመስላል። ጥሩ ካባ ከክብ ላይ የሚቆረጥ ነው።

አንገትዎን በሜትር ይለኩ። 38 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ለግማሽ ክብ ካባ 38ን ለ3.14 ያካፍሉ፤ 12 ይመጣል። ጨርቁ ጠርዝ መሐል ላይ አንድ ነጥብ አድርገው ክር ያስሩና ከነጥቡ በ12 ሳ.ሜ. ርቀት የአንገቱን ግማሽ ክብ በጠመኔ ይሳሉ። ካባው 100 ሳ.ሜ. እንዲረዝም ከፈለጉ ደግሞ ከዚያው ነጥብ በ112 ሳ.ሜ. ሁለተኛውን ይሳሉ። የሚያስፈልገው ጨርቅ 224 በ112 ሳ.ሜ. ነው።

ጨርቅ መቆጠብ ከፈለጉ ሩብ ክብ ይቁረጡ። የአንገቱ ርቀት እጥፍ ማለትም 24 ሳ.ሜ. ይሆናል፤ የውጪው ደግሞ 124። ወርዱ 150 ሳ.ሜ. የሆነ ጨርቅ 1 ሜትር ከ25 ይበቃል። ስፋቱ ይቀንሳል እንጂ አወራረዱ ያምራል።

ከሁሉ የሚረክሰው ግን አንሶላ ነው። አሜሪካ ውስጥ «ክዊን» የሚባለው ያልተሰፋ አንሶላ 229 በ259 ሳ.ሜ. ገደማ ስለሚሆን ሁለት ግማሽ ክብ ካባ ይወጣዋል። ከጓደኛ ጋር ቢካፈሉት የአንድ ካባ ዋጋ የአንድ ቡና ያህል ይሆናል። ስፌት ማሽን የሌላት ደግሞ ፍሊስ የሚባለውን ለስላሳ የብርድ ልብስ ጨርቅ ትጠቀም፤ ጠርዙ ስለማይተረተር መቀምቀም አያስፈልገውም።

ጉርድ ቀሚስ

በዚሁ ዘዴ ሙሉ ክብ ጉርድ ይሠራል። ወገቡ ላስቲክ ስለሚገባበት በዳሌ ማለፍ አለበት። ዳሌ 100 ሳ.ሜ. ከሆነ ለ6.28 ያካፍሉ፤ 16 ይሆናል። ጨርቁን አራት ቦታ አጥፈው ከታጠፈው ጥግ በ16 ሳ.ሜ. እና በ74 ሳ.ሜ. ርቀት ሁለት ቅስት ይሳሉና ይቁረጡ። 58 ሳ.ሜ. የሚረዝም ጉርድ ወጣልዎ ማለት ነው። 148 ሳ.ሜ. ስለሚፈጅ ወርዱ 150 ለሆነ ጨርቅ ልክ ነው። የወገቡን ላስቲክ ከወገብዎ 4 ሳ.ሜ. ያሳጥሩት። ኮከቦቹን ከነጭ ጨርቅ ቆርጦ በጨርቅ ሙጫ መለጠፍ ይቻላል።

ዘውድ፣ አምባርና ገመድ

ብረት የሚመስለው ነገር ሁሉ የሚሠራው ከስስ ስፖንጅ ነው። በዕደ ጥበብ መሸጫዎች 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውና 23 በ30 ሳ.ሜ. የሆነ ባለ ቀለም የስፖንጅ ሉህ ይሸጣል፤ ለልጆች የእጅ ሥራ የሚውለው ነው። ለዘውድ መጀመሪያ ወረቀት ለሁለት አጥፈው ግማሹን ብቻ ይሳሉ፤ ሲዘረጋ ሁለቱ ጎኖች እኩል ይሆናሉ። ርዝመቱ 28፣ መሐሉ ላይ ከፍታው 7፣ ጫፎቹ ላይ 2 ሳ.ሜ. ይሁን። ሁለት ሉህ ደርበው ይለጥፉና ኮከቡን ለብቻው ከላይ ያክሉ።

ቀጥሎ በፀጉር ማድረቂያ በከፍተኛ ሙቀት በደንብ አሙቀው ድስት ላይ ጠቅልለው እስኪቀዘቅዝ ይያዙት። ቅርጹን ይይዛል። ስፖንጅ ቀለም ስለሚመጥ ቀለሙን ቶሎ መቀባት ኪሳራ ነው፤ ነጩን የተማሪ ሙጫ በጥቂት ውኃ አቅጥነው ሦስት ጊዜ ይቀቡት፤ በየመሐሉ ይድረቅ። ከዚያ ወርቅማውን አክሪሊክ ቀለም ይቀቡ። ጫፍና ጫፉን በላስቲክ ያገናኙ።

አምባሩም እንዲሁ ነው። የእጅ አንጓን እና ከዚያ 12 ሳ.ሜ. ወደ ላይ ያለውን የክንድ ውፍረት ለክተው፣ ከታች ጠበብ ከላይ ሰፋ አድርገው ቆርጠው በተለጣፊ ቬልክሮ ይዝጉት። ለገመዱ 3 ሜትር ወርቅማ የገና ማስጌጫ ገመድ ይበቃል። የዋካንዳውን የአንገት ቀለበት ደግሞ ወርቅማ ቀለም ከተቀባ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አደርገዋለሁ።

የደረት ምልክት

ምልክቱን በእጅ መቀባት አስተማማኝ አይደለም። እዚህ ሥጋ ለመጠቅለያ የሚሸጥ አንድ በኩሉ የሚያብለጨልጭ ወረቀት አለ። ቅርጹን ወረቀቱ ላይ ሥለው መሐሉን በምላጭ ያውጡ። የሚያብለጨልጨውን ወገን ወደ ጨርቁ አድርገው እንፋሎት በሌለው ካውያ ለጥቂት ሰኮንድ ይተኩሱት፤ ይጣበቃል። ቀለሙ ወደ ጀርባ እንዳያልፍ ሹራቡ ውስጥ ካርቶን ያስገቡ። የጨርቅ ቀለሙን በስፖንጅ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ በስሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀቡ። ሌሊቱን አሳድረው ወረቀቱን ይላጡ፤ በነጋታው ሌላ ጨርቅ ጣል አድርገው በመጠነኛ ሙቀት ይተኩሱት።

ጫማ

ደኅናውን የቢሮ ጫማ ቀለም መቀባት አያስፈልግም። ተረከዝ ያለው አሮጌ ጫማ ያድርጉና ቀይ ወፍራም የጉልበት ካልሲ ከላይ ያጥልቁበት። ተረከዙ የሚወጣበትንና ሶሉ መሬት የሚነካበትን ቦታ ቀደድ አድርገው ጠርዙን ሶሉ ጎን ላይ በሙጫ ይያዙት። ሶሉን በጨርቅ ሸፍኖ መሄድ ግን ማንሸራተት ያመጣል።

የማይቀለድበት

በ2004 በወጣው «ዘ ኢንክሬዲብልስ» ፊልም ላይ ያለችው ልብስ ነዳፊ ኤድና ሞድ ካባ አልሠራም ብላ ድርቅ ትላለች። ምክንያቷ ጀግኖቹ ካባቸው እየተያዘ ማለቃቸው ነው። ቀልድ ቢሆንም እውነት አለበት። አሳንሰርና የመኪና በር ካባ ይይዛሉ። ስለዚህ ካባውን አንገት ላይ በቋጠሮ ወይም በገመድ አይሰሩ፤ ሲጎተት ወዲያው በሚለቅ ቬልክሮ ይዝጉት።

ሁለተኛው እሳት ነው። በሃሎዊን ምሽት ዱባ ውስጥ ሻማ በየደጃፉ ይበራል። ስስ ጥጥና ወለል ላይ የሚንዘላዘል ጨርቅ በቀላሉ ይቀጣጠላል። የአሜሪካ የሸማቾች ደህንነት ኮሚሽን ፖሊስተርና ናይለን ከጥጥ ይልቅ እሳት ይቋቋማሉ፣ ሰፋፊ እጅጌና ተጎታች ልብስ ይቅር ይላል። ይህ ማለት ግን አይቃጠሉም ማለት አይደለም፤ ይቀልጣሉ። አንሶላውን ስትመርጡ ፖሊስተር መሆኑን ጽሑፉ ላይ አንብቡ፤ ካባውም ከባት አይውረድ።

ሦስተኛ፣ ግሉ ጋን የሚሉት በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ሙጫ ከ190 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሊሞቅ ስለሚችል ዝቅተኛ ሙቀት የሚለውን ይግዙ። ልጆች በአጠገቡ አይኑሩ። ስፕሬይ ቀለም ደግሞ ደጅ ነው። ጭምብል የሚያደርጉ ከሆነ የዓይኑን ቀዳዳ ሰፋ ያድርጉት፤ ለመንዳት ሲቀመጡ ያውልቁት።

ወጪው ሲደመር

የሱፐርገርልን ልብስ ብንወስድ ገንዘብ የሚወጣው ለአንሶላው፣ ለጨርቅ ቀለሙ፣ ለቬልክሮውና ለካልሲው ነው። ለዎንደር ውማን ስፖንጅ፣ ወርቅማ ቀለም፣ ላስቲክና ገመድ ይጨመራል። የተረፈው ቀለምና ስፖንጅ ለሚቀጥለው ዓመት፣ ወይም ለልጆች የትምህርት ቤት ሥራ ይቀመጣል። ጊዜው ሁለት ምሽትና አንድ ቅዳሜ ነው። ሥራውን ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይጀምሩ፤ ቀለምና ሙጫ በችኮላ አይደርቁም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሥራዎ ሲያምር «ለእኔም ሥሪልኝ፣ ልክፈልሽ» የሚል አይጠፋም። ለራስ መልበስና መሸጥ የተለያዩ ናቸው። የ«ኤስ» ምልክትና የእነዚህ ጀግኖች ስም በሕግ የተመዘገበ የኩባንያ ንብረት ስለሆነ ያለፈቃድ አትሞ መሸጥ ያስጠይቃል። ምልክት የሌለው ቀይ ካባና ወርቅማ ዘውድ መሸጥን ግን የሚከለክል የለም። ሙያውን ወደ ገቢ ለመለወጥ የምታስብ ሴት ከዚያ ብትጀምር ይሻላታል።

ካባው ከበዓሉ በኋላ አይጣልም። የእኔ ቀይ ግማሽ ክብ በገና ሰሞን የዛፍ ሥር ማልበሻ ይሆናል፤ ለሱፐር ሂሮ ጥሪው ሲመጣ ደግሞ ይታጠብና ይተኮሳል። ለዘንድሮው የምታስቡ ካላችሁ ዛሬውኑ ሜትሩን አንሱና አንገታችሁን ለኩ።