ሞጆ ላይ ወደ ቀኝ

ከመቂ ተነስተን ሞጆ ስንደርስ መንገዱ ይከፈላል። ግራው አዲስ አበባ፣ ቀኙ አዳማና አዋሽ። እኛ መቂዎች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግራ ነን። እስቲ ዛሬ ቀኙን እንያዝ።

መተሐራን እንዳለፍን በግራችን የፈንታሌ ተራራ ይታያል። በቀኛችን ኢላላ ሳላ የተባለው ሜዳ ይዘረጋል። ይህ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ቀንዱ እንደ ጦር የቀናው ሳላ የሚሰማራበት፣ አምባራይሌ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚደበቅበት ቦታ። ተራራውንና ሜዳውን ለሁለት የከፈለው ደግሞ እኛው የምንጓዝበት አስፋልት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፈረንሳዮቹ ባቡር በዚህ በረሃ አልፎ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ፓርኩ የተቋቋመው በ1966፣ በአዋጅ የጸናው በ1969። ስኳር ልማቱና ፓርኩ ተደራርበው የከረዩን ግጦሽ አጠበቡት። ከ1998 የኤርትራ ጦርነት ወዲህ ደግሞ አገሪቱ ወደ ጅቡቲ ፊቷን ስታዞር የጭነት መኪናው በዚሁ መስመር ተግተለተለ። ፓርኩን የከለሉት ሰዎች ይህን ሁሉ ከባድ መኪና በህልማቸውም አላዩትም።

በ1974 ከሰንቀሌ ቆርኬዎች ተጭነው እዚህ መጥተው ነበር። ዛሬ አዋሽ ላይ ቆርኬ የለም። ጥፋቱን ሁሉ በመንገዱ አናላክክም፤ ጠመንጃውም፣ የግጦሽ ሽሚያውም አለ። ግን ድርቅ ሲመጣ ወደ ውሃና ወደ ሳር መሻገር ያልቻለ መንጋ ዕድሜው አጭር ነው። ይህን ከከረዩ አርብቶ አደር በላይ የሚያውቅ የለም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ በ2011 ከኬንያ ተራራ ደን ወደ ሌዋ የሚሄዱ ዝሆኖች ከአውራ ጎዳና ሥር የሚያልፉበት መሿለኪያ ከፈተች። ዝሆኖቹም ለመዱት።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የሞጆ–ሐዋሳ ፈጣን መንገድ በመቂ አድርጎ ባቱ ደርሷል። ወደ ደቡብ ሲቀጥል ያለው የአብያታ ሻላ አካባቢ ነው። ፈጣን መንገድ ደግሞ ታጥሮ ነው የሚሠራው። ለሰው ማቋረጫ ይታሰብለታል። ለከርከሮና ለሚዳቋስ? ለከብቱስ?

መንገዱን አንጠላም። ቲማቲማችንና ሽንኩርታችን ገበያ የሚደርሰው በእሱ ነው። ግን ማለፊያ አስፋልቱ ሳይፈስ ቢታሰብ ይቀላል፤ ከፈሰሰ በኋላ ወጪው እጥፍ ድርብ ነው። አዋሽ ላይ አርፍደናል። እዚህ ገና ጊዜ አለን።