የታዳጊ አገራት የአየር ንብረት ለውጥ ትብብር

የታዳጊ አገራት የአየር ንብረት ለውጥ ትብብር በማደግ ላይ ያሉ አገራት የአየር ንብረት ለውጥን ለመግታትና ጉዳቱን ለመቋቋም በድርድር፣ በገንዘብ፣ በቴክኖሎጂና በመረጃ ልውውጥ የሚያደርጉት መደጋገፍ ነው። «የደቡብ ለደቡብ ትብብር» ከሚባለው ሰፊ ግንኙነት አንዱ ክፍል ሆኖ ይቆጠራል። ኢትዮጵያ በዚህ ትብብር በተለይ እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ጎላ ያለ ድርሻ አላት። ጉዳዩ በአገሪቱ በቅርብ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የጎንደር ከተማና የሰሜን ጎንደር ደጋ ነው።

መነሻ

ታዳጊ አገራት በኢኮኖሚ ጉዳዮች አንድ ድምፅ እንዲኖራቸው እ.ኤ.አ. በ1964 የ77 አገራት ቡድንን መሠረቱ፤ ኢትዮጵያም ከመሥራቾቹ አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1992 የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ማዕቀፍ ስምምነት ሲጸድቅ፣ ይህ ቡድን ከቻይና ጋር በመሆን የታዳጊዎቹ ዋና የመደራደሪያ ጥላ ሆነ። የአቋማቸው መሠረት «የጋራ፣ ነገር ግን የተለያየ ኃላፊነት» የሚለው መርህ ነው። ይኸውም ችግሩ የሁሉም ቢሆንም፣ ለረጅም ዘመን በካይ ጋዝ የለቀቁት ባለጸጋ አገራት ቀድመው ሊቀንሱና ሊከፍሉ ይገባል ማለት ነው።

በዚህ ጥላ ሥር የአፍሪካ ተደራዳሪዎች ቡድን፣ የትናንሽ ደሴት አገራት ኅብረትና የአነስተኛ ገቢ አገራት ቡድን የየራሳቸውን ጥቅም ይዘው ይደራደራሉ።

የኢትዮጵያ ሚና

እ.ኤ.አ. በ2009 የአፍሪካ ኅብረት የአየር ንብረት ለውጥ የመሪዎች ኮሚቴ ሲያቋቁም፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ አስተባባሪ ሆነው በኮፐንሃገኑ ጉባኤ አፍሪካን ወክለው ተደራደሩ። ያቀረቡት የገንዘብ ሐሳብ ከአፍሪካ ፍላጎት ያነሰ ነው በሚል ከአንዳንድ የአህጉሩ የሲቪል ማኅበራት ነቀፌታ ገጥሞት ነበር። በጉባኤው ባለጸጋ አገራት እስከ 2020 በየዓመቱ 100 ቢሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ ቃል ገቡ፤ ቃሉ በተባለው ጊዜ አልተፈጸመም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂዋን ይፋ አደረገች። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 የአየር ንብረት ተጋላጭ አገራት ፎረምን በሊቀ መንበርነት መርታለች። በዚሁ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በማራካሽ፣ ከ40 በላይ የፎረሙ አባላት የኃይል ምንጫቸውን በተቻለ ፍጥነት ሙሉ በሙሉ ታዳሽ ለማድረግ ቃል ገብተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 ደግሞ የአነስተኛ ገቢ አገራት ቡድን በኢትዮጵያዊ ሊቀ መንበር ተመርቷል።

ትብብሩ ከድርድር አዳራሽ ውጭም ይታያል። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ.-1 በቻይና ድጋፍ ተሠርታ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና መጠቀች፤ ዓላማዋም ለግብርና፣ ለደንና ለአየር ንብረት ክትትል የሚሆን የምድር ምስል መላክ ነበር። የኢጋድ አባል አገራት ደግሞ ናይሮቢ በሚገኘው የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል አማካይነት ከየወቅቱ በፊት የጋራ የዝናብ ትንበያ ያወጣሉ።

በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ

የእቴጌ ምንትዋብ ግቢና ቤተ ክርስቲያን ካለበት ከቁስቋም አንሥቶ እስከ ሰሜን ተራሮች ያለው ደጋ በአብዛኛው የሚኖረው በዝናብ እርሻ ነው። ገብስና ስንዴ የሚያመርተው ገበሬ ለዓለም ሙቀት ያዋጣው ከቁጥር የማይገባ ቢሆንም፣ ክረምቱ ሲዛባ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ክረምት ዝናብ በማጠሩ በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ወረዳዎች ከባድ ድርቅ ደርሷል፤ ሰብልና ከብት አልቋል።

ዳገት ላይ ያለው መሬት በተራቆተ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ይወስዳል። ለጎንደር ከተማ ውኃ የሚያቀርበው የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላቱ የታወቀ ችግር ነው። ወደ ተከዜ የሚወርደው አፈርም ድንበር ተሻግሮ ይሄዳል፤ በአትባራ ወንዝ ላይ በ1960ዎቹ የተሠራው የሱዳኑ ኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ ከግማሽ የሚበልጠውን የመያዝ አቅሙን በደለል አጥቷል። ስለዚህ በላይኛው ተፋሰስ እርከን መሥራትና ዛፍ መትከል ለጎንደር ገበሬ መሬቱን ሲያቆይለት፣ ለሱዳን ገበሬ ደግሞ የመስኖ ውኃውን ይጠብቅለታል። እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው የናይል ተፋሰስ ኢኒሼቲቭ የምሥራቅ ናይል ጽሕፈት ቤቱን አዲስ አበባ ላይ አድርጎ በተፋሰስ ጥበቃ ላይ ሠርቷል።

ዋልያ፣ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ወጥቷል። በ2019 በፓርኩ የተነሣውን ቃጠሎ ያጠፉት በዋናነት የአካባቢው ነዋሪዎች ሲሆኑ፣ ከኬንያ የመጣ ሄሊኮፕተርና የእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎችም አግዘዋል።

ውስንነቶች

ታዳጊ አገራት ሁሉ አንድ ፍላጎት የላቸውም። ነዳጅ ሻጮቹ የነዳጅ ገበያቸው እንዳይጠብ ሲፈልጉ፣ ደሴቶቹና ደገኞቹ ሙቀቱ ከ1.5 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳያልፍ ይጠይቃሉ። ቻይና ለታዳጊ አገራት ድጋፍ ብትሰጥም በዓለም ከፍተኛውን በካይ ጋዝ የምትለቅ አገር መሆኗ ቡድኑን ያከራክራል። ከገንዘቡም ብዙው በብድር መልክ መምጣቱ ባለዕዳ አገራትን ያስጨንቃል። የሆነ ሆኖ አንድ ሆነው ሲቆሙ ውጤት ያገኙበት ጊዜ አለ፤ ለጉዳትና ለኪሳራ የሚሆን ፈንድ እንዲቋቋም የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ2022 በግብፅ፣ ሻርም ኤል ሼክ፣ በጋራ ግፊታቸው ነው። በ2024 በባኩ ጉባኤ ግን በዓመት 1.3 ትሪሊዮን ዶላር ሲጠይቁ፣ ባለጸጎቹ በግንባር ቀደምነት ሊያሰባስቡ የተስማሙት እስከ 2035 በዓመት 300 ቢሊዮን ዶላር ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ ተካሂዷል። በዚያው ዓመት በብራዚል በተደረገው ጉባኤም የ2027ቱን 32ኛውን የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ እንድታስተናግድ ተመርጣለች።