ግሥን ጠንቅቆ ስለ ማወቅ፤ የባሮ ወንዝ ውል ለምሳሌ

በቅኔ ቤት ያደገ ሰው የቋንቋ መሠረቱ ግሥ መሆኑን ያውቃል። ተማሪው ግሥ ሳያወርድ ወደ ቅኔ አይገባም። ስም የነገሩን መኖር ይነግረናል፤ የተደረገውን ሥራና የሥራውን ልክ የሚነግረን ግን ግሥ ነው። እንግሊዝኛ የሚማሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ስሞችን ይሰበስቡና ከግሦች ጥቂቶቹን ብቻ ይዘው ለሁሉ ነገር ያንኑ ይደጋግማሉ። ይህ ጕድለት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከታሪካችን እንመልከት።

አንባቢ የውጫሌን ውል አይዘነጋም። በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው በዚያ ውል በ17ኛው ክፍል የአማርኛው ግሥ «ይቻላቸዋል» ሲል፥ የኢጣልያንኛው ግሥ ግን ግዴታ ተደርጎ ተተረጐመ። ከዚህም የተነሣ የመጣው ጠብ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ደረሰ።

ከዐድዋ ድል ስድስት ዓመት በኋላ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን ስለ ሱዳን ወሰን በአዲስ አበባ ተዋዋሉ። የውሉ 4ኛ ክፍል የሚናገረው ስለ ባሮ ዳርቻ ነው። በኢታንግ አጠገብ በወንዙ ዳር ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፥ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ለሱዳን መንግሥት ተፈቀደ፤ የጋምቤላ ጣቢያ የተቋቋመው በዚህ ነው። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚነሡ መርከቦች በሶባትና በባሮ ሽቅብ መጥተው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። እንግሊዝኛው ስለዚህ መሬት የተናገረበት ግሥ «ሊዝ» ነው፤ ይኸውም አከራየ ማለት ነው። መሬትን ለሌላ መንግሥት ፈጽሞ ለቀቀ ለማለት «ሲድ» የሚባል ሌላ ግሥ አላቸው፤ እርሱ ግን በዚህ ክፍል አልገባም። ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ የሚቆይ ነበርና፥ ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ጋምቤላ በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ክርክር ያመጣው 3ኛው ክፍል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ በጥቁር ዓባይ፥ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ አንድ ዓይነት ሥራ እንዳይሠሩ ግዴታ ገቡ። ሶባት የሚባለው ባሮ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ስለ ሆነ ነገሩ ባሮንም ይነካል። የተከለከለውስ ሥራ ምን ዓይነት ነው? አማርኛው ወንዙን ከዳር እስከ ዳር «የሚደፍን» ይላል፤ እንግሊዝኛው የውኃውን ፈሳሽ «አሬስት» የሚያደርግ ይላል። ይህ ግሥ ሥሩ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጓሜው የሚሄደውን ነገር ማቆም ነው፤ ፖሊስ ወንጀለኛን ሲይዝም የሚነገረው እርሱ ነው። «ዲሚኒሽ» ቢል ቀነሰ፥ «ዳይቨርት» ቢል ጠለፈ፥ «ሞዲፋይ» ቢል ለወጠ ማለት በሆነ ነበር። እንግሊዞችም ይህን ልዩነት ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ በ1883 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር ስለ አትባራ ወንዝ ሲዋዋሉ የመረጡት «ሞዲፋይ» የሚለውን ነውና።

ኋላ የግብጽ ወገን ክፍሉን አስፍቶ ማናቸውንም ሥራ እንደሚከለክል አድርጎ ሲያቀርብ፥ ከኢትዮጵያ ወገን የተሰጠው መልስ በግሡ ላይ የቆመ ነበር፤ የተከለከለው ወንዝ መድፈን እንጂ በውኃው መጠቀም አይደለም የሚል። በ2003 ዓ.ም. በዓባይ ላይ የተጀመረው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅም ውኃው ተርባይኖቹን እያዞረ ወደ ታች መፍሰሱን አልተወም።

ስለዚህ እንግሊዝኛ የሚማር ሁሉ አንድን ግሥ ብቻውን አይያዝ፤ ከዘመዶቹ ጋር አሰልፎ፥ የአማርኛውንና የግእዙን አቻ በአጠገቡ ጽፎ፥ ኀይሉን መዝኖ ይያዝ። ነገ ለአገር ውል የሚጽፉትና የተጻፈውን የሚመረምሩት ከዛሬዎቹ ተማሪዎች መካከል ይነሣሉና።