የሙቀት መለኪያው አተካከል፦ ከጄት ሞተር ታሪክ አንድ ምዕራፍ

ቶማስ ዜቤክ እ.ኤ.አ. በ1821 በርሊን ላይ ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶችን አገናኝቶ አንደኛውን መጋጠሚያ ቢያሞቅ፣ አጠገቡ የነበረችው የኮምፓስ መርፌ ዘወር አለች። እርሱ ነገሩን የማግኔት ጠባይ አድርጎ ቢተረጉመውም፣ ከዚህ ግኝት የተወለደው ቴርሞካፕል ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የጄት ሞተር ዋነኛ የሙቀት መለኪያ ሆነ። ክሮሜልና አሉሜል የተባሉት ሽቦዎች በአንድ ዲግሪ ሴልሲየስ 41 ማይክሮቮልት ያህል ያመነጫሉ። በዚህ ማንም አልተከራከረም። መሐንዲሶችን ያስጨነቃቸው፣ ሽቦው የሚናገረው ስለ ጋዙ ሙቀት ነው ወይስ ስለ ራሱ የሚለው ጥያቄ ነበር።

መልሱ ስለ ራሱ ነው። ጋዙ የሰጠውን ሙቀት ሽቦው ቀዝቀዝ ወዳለው ግድግዳ በጨረር ይለቀዋል፤ በቂ ጥልቀት ካልገባም በደጋፊ ዘንጉ በኩል ወደ ሞተሩ ገላ ያሾልከዋል። በክሊቭላንድ የናካ ላቦራቶሪ ስካድሮንና ዋርሻውስኪ እ.ኤ.አ. በ1952፣ ግላዌ፣ ሲመንስና ስቲክኒ ደግሞ በ1956 ያወጧቸው ጽሑፎች እነዚህን ስህተቶች በስሌትና በሙከራ አስፍረዋቸዋል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የፍጥነት ነገር ነው። በሰከንድ 300 ሜትር የሚነጉድ ትኩስ ጋዝ ፈጽሞ ቢገታ ሙቀቱ በ39 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ለፍሰቱ አግድም የተዘረጋ ባዶ ሽቦ ከዚህ ጭማሪ 68 በመቶ ያህሉን፣ ከፍሰቱ ጋር ትይዩ የሆነው ደግሞ 86 በመቶ ያህሉን ያገኛል። ስለዚህ የመጀመሪያው 12፣ ሁለተኛው 5 ዲግሪ ያህል አሳንሶ ያነባል። ሽቦው ያው፣ ጋዙም ያው፤ የተለወጠው አቅጣጫው ብቻ ነው!

የተርባይን ምላጭ ብረት በ10 ወይም በ15 ዲግሪ ብቻ ሲብስ ዕድሜው በግማሽ ገደማ ሊያጥር እንደሚችል ለሚያውቅ ባለሙያ፣ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። እርግጥ ነው፣ አምራቹ የሙቀት ገደቡን የሚወስነው በራሱ አተካከል በተነበበው ቁጥር ስለሆነ፣ የማይለዋወጥ ስህተት ብዙም አይጎዳም። ጉዳት የሚመጣው ዘንጉ ሲጣመም ወይም ጥልቀቱ ሲለወጥ ነው፤ ያን ጊዜ ገደቡ በወረቀት ላይ እንዳለ ሆኖ ትርጉሙን ያጣል።

መፍትሔ ሆኖ የመጣው መጋጠሚያውን ጠባብ መውጫ ባለው ቱቦ መሸፈን ነበር፤ ጋዙን ያዘገየዋል፣ ጨረሩንም ይቀንሳል፤ ነገር ግን የመለኪያውን ምላሽ ያዘገያል። በሞተሩ ዙሪያ ብዙ ቴርሞካፕሎችን ተክሎ አማካዩን መውሰድም የተለመደ ሆነ። ሆኖም አንድ የነዳጅ መርጫ ሲበላሽ ከበስተኋላው የሚፈጠረው የጋለ ጅረት በሁለቱ መካከል አልፎ፣ አማካዩን ምንም ሳያናውጥ ምላጮቹን ሊያቃጥል ይችላል።