ቀደምት የሙዚቃ ቅጂዎችን መለየት፣ መመዘንና መጠበቅ

የሀገራችን ቀደምት የሙዚቃ ቅጂዎች የሚገኙት በተቋማት ብቻ አይደለም። በሮብ ገበያና በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ እንደ ሌሎች አካባቢዎች ሁሉ፣ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የበገና፣ የመሰንቆ፣ የዋሽንትና የዜማ ካሴቶች ሊኖሩ ይችላሉ። ይህ መረጃ ባለቤቶቻቸው ዋጋቸውን እንዲያውቁና ከጥፋት እንዲጠብቋቸው ለማገዝ ተዘጋጅቷል።

የታወቀውና የተዘነጋው

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ (1916–2015 ዓ.ም.) የፒያኖ ድርሰቶቻቸውን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጀርመን በሸክላ አስቀርጸዋል። ሥራዎቹ በዓለም ዙሪያ በስፋት የተደመጡት ግን በ2006 (እ.ኤ.አ.) በ«ኢትዮፒክስ» 21ኛ ቅጽ ከታተሙ በኋላ ነው። የዚሁ ተከታታይ ኅትመት 11ኛ ቅጽ የዓለሙ አጋ በገና ነው። ስለሆነም አንድ ቅጂ አለመታወቁ ዋጋ ቢስ መሆኑን አያመለክትም።

አንድ ቅጂ ሲመዘን

1. ማንነት፦ ተጫዋቹ ማን ነው? የት፣ መቼና በምን አጋጣሚ ተቀረጸ? በካሴቱ ላይ ካልተጻፈ፣ ድምፁን የሚለዩ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ። ይህ ከሁሉ የሚቀድም ተግባር ነው፤ የተበላሸ ድምፅ በባለሙያ ሊሻሻል ይችላል፣ የጠፋ ስም ግን አይመለስም።

2. ይዘት፦ ቅኝቱ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይስ አንቺ ሆዬ ነው? የቤተ ክርስቲያን ዜማ ከሆነ ግዕዝ፣ ዕዝል ወይስ አራራይ?

3. ንጽጽር፦ ያንኑ ዜማ ሌላ ባለሙያ ተጫውቶት ከሆነ አብሮ ይደመጥ። ልዩነቱ የአካባቢ ወይም የመምህር ስልት ሊሆን ስለሚችል እንደ ስሕተት አይቆጠር።

4. የድምፅ ጥራት፦ የክሩ ጩኸት ከአጨዋወቱ ተለይቶ ይመዘን።

አጠባበቅ

• ካሴትና ሸክላ ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከአቧራ ይራቅ፤ ካሴት ከማግኔትም ይራቅ።
• ሻጋታ የያዘ ካሴት በማጫወቻ ውስጥ አይግባ።
• ወደ ዲጂታል ሲገለበጥ ባልተጨመቀ ፎርማት ይቀመጥ፤ ዋናው ቅጂም አይጣል።

ባለቤትነትና መብት

ካሴት መያዝ በውስጡ ያለውን ሥራ የማሳተም መብት አያሰጥም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋንያንና የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰሮች መብት ለ50 ዓመት የተጠበቀ በመሆኑ፣ ከማሠራጨት በፊት የባለመብቱ ፈቃድ ሊገኝ ይገባል።

ተገልጋዮች ስለ ቅጂዎቻቸው ምክር ሲሹ፣ ከላይ በተጠቀሱት ነጥቦች መሠረት ያሰባሰቡትን መረጃ በጽሑፍ ይዘው በቅድሚያ በአቅራቢያቸው የሚገኘውን የባህል ጽሕፈት ቤት እንዲያነጋግሩ ይመከራል።