የዳገት ማርሽ፤ ከቬስፓ እስከ ባጃጅ

በዓለም ገና በኩል ወደ ጅማ የሚወጣው መንገድ ሰበታን፣ በአስኮ በኩል ወደ አምቦ የሚያልፈው ቡራዩን፣ የእንጦጦን ትከሻ ተሻግሮ ወደ ጎጃም የሚዘልቀው ሱሉልታን ስለሚያገኝ፣ እነዚህ ሦስት ከተሞች የአዲስ አበባ መንገደኛ ደጆች ሆነው ኖረዋል፤ መንገደኛውም በእግሩ፣ በአጋሰስ፣ ኋላም በፈረስ ጋሪ ሲመላለስ፣ ዳገቱ የጠናበት እንደ ሆነ ሸክሙን አቅልሎ ወይም ከጋሪው ወርዶ እየገፋ ያልፍ ነበር እንጂ ሌላ ብልሃት አልነበረውም። ዛሬ ባለሦስት እግሩ ባጃጅ ሦስት ሰው ጭኖ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ በእነዚሁ ከተሞች ሽቅብ ሲወጣ ለሚመለከት ሰው፣ ያ የጎደለው ብልሃት ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደ ደረሰ መመርመር ከንቱ ሐተታ አይመስለኝም።

የነገሩ ጥንት በኢጣልያ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን ፋብሪካው በቦምብ የፈረሰበት ኤንሪኮ ፒያጆ፣ ድኻው ሕዝብ ሊገዛው የሚችል መጓጓዣ ለመሥራት ባሰበ ጊዜ፣ ሥራውን ለአውሮፕላን መሐንዲሱ ለኮራዲኖ ዳስካኒዮ ሰጠው፤ ይህም ሰው ሞተር ብስክሌትን ከቶ የማይወድ ስለ ነበረ፣ ልብስ የሚያቈሽሸውን ሰንሰለት አስወግዶ ሞተሩን ከኋላው ጎማ ጋር በቀጥታ አጋጠመ፤ የማርሹንም መቀየሪያ ከእግር አንሥቶ በግራ እጅ መያዣ ላይ አኖረው። በሚያዝያ ወር 1938 ዓ.ም. የፈጠራ መብት የተጠየቀላት ይህች ተሽከርካሪ ቬስፓ፣ ማለትም ተርብ ተባለች፤ ሞተሯ 98 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ማርሿም ሦስት ብቻ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1948 ባለሦስት እግሯ አፔ፣ ማለትም ንብ፣ ከተርቧ ተወለደች፤ በ1955 ደግሞ ባለ150ዋ ቬስፓ አራተኛውን ማርሽ ይዛ ወጣች።

የካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ ሥራ ሲታይ ያስደንቃል። ጥርሶቹ ሁሉ ዘወትር እንደ ተነካከሱ ይዞራሉ፤ በዘንጉ ውስጥ ያለው መስቀል መሰል ብረት ግን ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ አንዱን ማርሽ ይይዛል፣ ሌሎቹን ይለቃል፤ ነቢዩ ሕዝቅኤል በኮቦር ወንዝ አጠገብ ያየውን፣ በመንኰራኵር ውስጥ ያለውን መንኰራኵር የሚያስታውስ አንባቢ፣ የእጅ ሥራ ምሥጢር የራእይን ምሥጢር በጥቂቱ ሲመስል ቢያይ አይፈረድበትም።

ይህ ጥበብ ወደ እኛ የደረሰው ቃሉ ቀድሞት ነው። በ1928 ዓ.ም. የገባው የፋሽስት ጦር እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው ዓመታት መንገድ ሲያስጠርግና የጭነት መኪና ሲያመላልስ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚስታ የሚሉትን ቃላት በመካኒኩ አፍ ላይ ትቶ ሄደ። ከነጻነት በኋላ ቬስፓ በአስመራና በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ስትታይ፣ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤትም መንገዱን ሲያድስ፣ ቋንቋው አስቀድሞ ተሰናድቶ ይጠብቅ ነበር።

ንቧ ግን ወደ ሰበታ የመጣችው በሮም በኩል ሳይሆን በሕንድ በኩል ነው። ባጃጅ የተባለው የሕንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960 ከፒያጆ ጋር ተዋውሎ የጣልያንን ሥራ በአገሩ ማበጀት ጀመረ፤ ውሉ በ1971 ቢያበቃም ጥበቡ ከእጁ አልወጣም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ባለሦስት እግሩ ተሽከርካሪ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ሕዝቡ የኩባንያውን ስም ለዕቃው ሰጠው፤ አራት ወደ ፊትና አንድ ወደ ኋላ የሚሄድ ማርሽ ያለው ይህ ባጃጅ፣ ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከመጠቃለላቸው አስቀድሞ፣ በየሠፈራቸው የጋሪውን ቦታ ይወስድ ጀምሮ ነበር። የግራ እጅ መያዣውን እያጠማዘዘ ማርሽ የሚቀይር የቡራዩ ወጣት፣ ሳያውቀው የዳስካኒዮን እጅ ይከተላል።

እዚህ ላይ የማርሽን መለወጥ ነገር ላንሣ። በአውሮፓ ያሉ የቬስፓ አፍቃሪዎች ፍጥነት ሲሹ ጥርሶቹን ያስለውጣሉ፤ ለአብነት ባለ20 ጥርሱ ትንሽ ማርሽ ባለ68ቱን ሲነዳ፣ ትንሹ 3.4 ጊዜ ሲዞር ትልቁ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ትንሹ በባለ22 ቢተካ ግን ዙሩ ወደ 3.1 ገደማ ይወርዳል፣ ፍጥነቱ ከመቶ 10 እጅ ሲጨምር የመሳብ ኃይሉ ከመቶ 9 እጅ ይቀንሳል። እንግዲህ ማርሽ ኃይልን የሚፈጥር አይደለም፤ እንደ ገበያ መንዛሪ ጉልበትን ተቀብሎ ፍጥነት፣ ፍጥነትን ተቀብሎ ጉልበት የሚሰጥ ነው። ነገር ግን ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ በሚገኘው የሱሉልታ ሜዳ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ትንሿ ሞተር ገና ሳትነሣ ከኃይሏ አንድ አራተኛ የሚጠጋውን አጥታለች፤ በዚህ ላይ እንዲህ ለፍጥነት የተለወጠ ማርሽ መግጠም ቀድሞ የጎደለውን ቦርሳ ደግሞ ማራቆት ይሆናል።

ስለዚህ ባለ ሞተሩ ወዳጄ ሆይ፣ በቆላ ሜዳ ለሚሮጥ ሰው የተመሰገነውን ማርሽ ገዝተህ ከማስገጠምህ በፊት፣ ምሽት ላይ ቤተሰብህን ጭነህ የምትወጣውን ዳገት አስብ፤ ጥርሱንም በዳገቱ ልክ ምረጥ።